የማይቀየር ትኬት

መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ፤ ብርሃኑ ግን በጠርዝ በጠርዙ እየሾለከ ይገባል፣ እኩለ ቀን ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሰዓት መተኛት ያለብኝ ሰው ነኝ፣ ሌሊት ሌሊት የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ቤት ውስጥ ቆሜ አድራለሁ፣ ጠዋት ስዊድኖቹ ወደ ሥራቸው ሲሮጡ እኔ ወደ አልጋዬ እገባለሁ፣ ዛሬ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር በአጠገቤም አላለፈ። ሁለት ስልክ ደረቴ ላይ አስቀምጫለሁ። አሮጌው ሙዚቃ ያሰማኛል፤ ያው አንድ ሙዚቃ ነው፣ አርባ ደቂቃ አልፎታል፣ በየመሃሉ አንዲት ሴት ታቋርጠውና ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ ትለኛለች፣ ድምፅዋ ደስ ይላል፣ ባገኛት የምላትን እኔ አውቃለሁ። አዲሱ ስልክ ግን ዝም ብሏል። አሶሳ አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ እህቴ የወርቅውሃ ጠዋት እደውላለሁ ብላኝ ነበር፣ ጠዋቱ አልፏል። የሚያስፈራኝ ይሄኛው ስልክ ነው።

እናቴ አሶሳ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ልቧ ደክሟል አሉ፣ ጋደም ስትል መተንፈስ ስላቃታት ትራስ ደራርበው ቁጭ አድርገዋታል፣ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማ አልገባ ብሏታል። እኔ ከጎተንበርግ የምነሳበት ትኬት የተቆረጠው ለጥር ሃያ ሰባት ነው። ዛሬ ጥር ሰባት። በመሃል ሃያ ቀን አለ፣ ዶክተሩ ደግሞ ለእህቴ ስለ ሃያ ቀን አላወራትም፣ ሩቅ ያለ ልጅ ካላት ይምጣ ነው ያላት፣ እሷም ቃሉን እንዳለ አቀበለችኝ፣ ቶሎ ና ወንድምዬ፣ ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያለችው፣ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ ፓስፖርት የለኝም እያልኩ ኖሬ፣ ወረቀቱ ሲገኝ በሃያ ቀን ልቀደም ነው? ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ሌላ ማንም የለበትም። በታኅሣሥ መጨረሻ የሚነሳም ትኬት ነበር፣ እሱን ይዤ ቢሆን ይኸኔ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ፤ ሁለት ሺህ ክሮነር ስለሚበልጥ ትቼው የጥር ወሩን ያዝኩ። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን መጣች፣ ቀን መቀየር ቢያስፈልግዎ እዚህ ምልክት ያድርጉ፣ ሦስት መቶ ክሮነር ይጨምሩ ትላለች፣ እኔም ምን ቆርጦኝ ቀን እቀይራለሁ ብዬ አለፍኳት። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያቺ ሳጥን ናት፣ ጣቴን እዘረጋለሁ፣ ምልክቱን ላደርግ ስል እባንናለሁ።

ከአምስት ቀን በፊት እናቴ ራሷ አነጋግራኛለች። እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፣ ትንፋሿ ከቃሏ እየቀደመ ይመጣል። «ፈንታዬ፣ ትመጣለህ ሲሉኝ ጊዜ ነውኮ የታመምሁት፣ ኸደስታው ብዛት» አለችኝ፤ አርባ ዓመት አሶሳ ኖራ የወሎ አነጋገሯ ንቅንቅ አላለም። ሳቅኩ፣ እሷም ልትስቅ ስትል ሳል ያዛት።

«መቼ ነው ግን ቁርጡ?»

«ጥር ሃያ ሰባት፣ እማ።»

በከንፈሯ ቀን ስትቆጥር ተሰማኝ።

«ኸዚያ ቀደም አይልም?»

«ትኬቱ አይቀየርም እማ፣ እንደዚያ ዓይነት ትኬት ነው።»

«ለምናቸው እንጂ ልጄ» አለችኝ፣ «ሰው አይደሉም?»

ይህን ለእናቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳት፣ የሚለመን ሰው የለም፣ የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ለእንግሊዝኛ ሁለትን ይጫኑ፣ ለአዲስ ትኬት አንድን ይጫኑ፣ ለመቀየር አራትን ይጫኑ፣ አራትን ስጫን መልሶ መጀመሪያው ጋ ይወስደኛል። እሺ እማ፣ እለምናቸዋለሁ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እየለመንኩ ነው።

መጀመሪያ አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ፣ ትኬቱን ከእኛ አልገዙም፣ የሸጠልዎትን ድረ ገጽ ይጠይቁ አሉኝ። ድረ ገጹ ጋ ደወልኩ፣ ቢሮው የት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እኛ ሻጭ ብቻ ነን፣ ሕጉ የአየር መንገዱ ነው አሉኝ። ተመልሼ አየር መንገዱ ጋ፣ ተመልሼ ድረ ገጹ ጋ። ስድስት ፊደል ያላት የትኬት ቁጥር አለችኝ፣ እሷን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ ስሜን ከነአባቴ እናገራለሁ፣ የተወለድኩበትን ቀን እናገራለሁ፣ እናቴ ታማለች እላለሁ፣ ጨረስኩ ስል መስመሩ ይቋረጣል፣ መልሼ ስደውል ሌላ ሰው ያነሳና ከስድስቱ ፊደል ያስጀምረኛል። አንዱ በጭራሽ አይቀየርም አለኝ። ሌላዋ ይቀየራል፣ የመቀየሪያ ክፍያው ይህን ያህል ነው፣ የዋጋ ልዩነቱ ይህን ያህል አለችኝ፣ ሲደመር ትኬቱን ከገዛሁበት በለጠ። መቀየሩ ከመግዛቱ ይበልጣል? ብዬ ጠየቅኳት። አዎ ጌታዬ አለችኝ። ጌታዬ ስባል ይበልጥ ሆዴ ባባ፣ ጌታ የሆነ ሰው እንዲህ አይለማመጥም። የነበረኝን ለመድኃኒት ልኬዋለሁ፣ ደሞዝ የሚገባው ትኬቴ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ትናንት ያነሳው ሰው ማርቲን እባላለሁ አለ። ገና በወጉ ሳልጨርስለት ምክንያቱን ጠየቀኝ፣ እናቴ ታማብኝ አልኩት፣ የሆነ ነገር ሲጽፍ ይሰማኛል። «ታመው ነው ወይስ ሞተው?» አለኝ። ምን አልክ? አልኩት። «ማለቴ» አለ ረጋ ብሎ፣ «የቅርብ ቤተሰብ ከሞተ ክፍያ የለውም። እርስዎ ይነግሩናል፣ እኛ እንቀይርልዎታለን፣ የምስክር ወረቀቱን በኋላ ይልኩልናል። ሕመም ከሆነ ግን ክፍያ አለው።» ይኸው እንግዲህ፤ በሕይወት እያለች ልድረስባት ስል ይከፈላል፣ ከሞተች በኋላ ለመድረስ በነፃ ነው። አልሞተችም! ብዬ ጮህኩበት፣ በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ፣ ማርቲን አዝናለሁ ጌታዬ አለኝ። ሳያዝንልኝም አልቀረ፣ ምክንያቱም ትንሽ ቆይቶ የሐኪም ደብዳቤ ቢያመጡ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው፣ አለቃዬ አይቶ ክፍያውን ሊያነሳልዎት ይችል ይሆናል አለኝ። ይችል ይሆናል። ይህችን ይዤ ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ።

እዚያ ደብዳቤ ማጻፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ነው፣ ከዚያ ዶክተሩ ነው፣ ከዚያ ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ናት፣ እሷ ደግሞ ምሳ ወጥታለች። እህቴ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጽዳት ነው የምትሠራው፣ ፈቃድ ለምና ነው እናታችን አጠገብ የተቀመጠችው፣ እሷን ጥላ በየቢሮው መዞሯ ነው። ግን እሺ አለች። ነገ ጠዋት ማኅተም አስመትቼ ፎቶውን እልክልሃለሁ፣ ጠዋት እደውላለሁ አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ኔትወርክ ይሆናል፣ እዚያ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ለሁሉም ነው። ዶክተሩ አልገባ ብሎ ይሆናል፣ ሴትዮዋ ምሳ ላይ ቆይታ ይሆናል፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ምክንያት እደረድራለሁ፣ ስጨርስ መልሼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው።

እማ አውሮፕላን ላይ የወጣችው አንድ ጊዜ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አንስተው በአንቶኖቭ ጫኗቸው፣ የወርቅውሃን አዝላ፣ ታላቅ ወንድሜን በእጇ ይዛ፣ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ የት እንደሚወስዷቸው የነገራቸው የለም፣ ከዚያ በአውቶቡስ አድርገው አሶሳ አምባ አሥራ አራት አራገፏቸው፣ የመንደራችን ስም ቁጥር ነው። ትኬት የጠየቀኝም የለ፣ መመለሻ የጠየቅሁትም የለ እያለች ትስቅ ነበር። ወንድሜን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደው፣ እኔ በእሱ ፈንታ መጣሁ፣ ስሜም ከዚያ ነው። በሞተ ልጅ ፈንታ የመጣሁት ልጅ ደግሞ ምን አደረግኳት? ባምባሲ ወርጄ በቆሎ ልገዛ ነው፣ ለማታ እመለሳለሁ አልኳት፣ በር ላይ ቆማ ማንጎ እየላጠች ነው፣ ቢላዋውን እንደያዘች እጇን አነሳችልኝ፣ እኔ በኩርሙክ አድርጌ ሱዳን ገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከካርቱም ስደውልላት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። «እራትህን ከድኜ ነበር የጠበቅሁህ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፣ ስልኩ ላይ የማያት ፊቷ ግማሹ ነው፣ ካሜራውን ወዴት እንደሚይዙት አታውቅም።

ውሸት እችላለሁ። ለዚያም ነበር አንድ ጊዜ የተመረጥኩት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን የታምሩ እናት ሞተች፣ ታምሩ ካርቱም ሆቴል ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር። በእኛ በሰፋሪዎቹ ዘንድ በሰው አገር ላለ ልጅ የእናቱን ሞት በስልክ መንገር ነውር ነው፣ ብቻውን ቆሞ መርዶ የሚሰማ ሰው የለም፣ መጥቶ፣ በልቶ፣ አድሮ፣ ሲነጋ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ በስልክ ደህና ናት የሚል ሰው ያስፈልጋል። የእድሩ ዳኛ ጠሩኝ፣ የድንኳኑን ገመድ እየወጠሩ ነበር፣ ገመዱን ሳይለቁ አስጠኑኝ። «እስከ ትናንት ቶሎ ና ስንለው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ቶሎ ና እንዳትለው። የሚያስቸኩለው ነገር አልፏል፣ ልጁ ደንግጦ መንገድ ላይ እንዳይቀርብን። ተሽሏታል፣ አትቸኩል፣ ተረጋጋና በቀጠሮህ ና፣ እንዲህ በለው።» እንዲሁ አልኩት። እናቴን ሰላም በልልኝ አለኝ። እልልሃለሁ አልኩት። ድምፄ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፣ ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔም ኮራሁ። በወሩ መጣ፣ ለእናቱ ነጠላ ጫማና የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ባለአበባ ቶብ ይዞላት መጣ፣ እኛ ቤት እራት በላ፣ እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ሲነጋ ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ታምሩ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እኔን ፈለገ፣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ምንም አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለኝም።

ለምን አሁን ታምሩ ትዝ አለኝ? አዲሱን ስልክ አንስቼ ሙዳሲር ጋ እደውላለሁ። ሙዳሲር የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው፣ አማርኛው ግን እስከ ዛሬ አልተቃናም፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ እናቴንም ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፣ በየቀኑ ሄዶ ያያትና ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል። የትናንቱን ደግሜ ከፈትኩት፣ «ፈንታ፣ እናት ዛሬ ደህና ነው። ሾርባ ጠጥቷል፣ ትንሽ ተቀምጧል። ኢንሻላህ ይድናል። አንተ ቶሎ ይመጣል፣ እሺ?» ትናንት ነው ይህ፣ ትናንት ሾርባ የጠጣች ሰው ናት። ዛሬ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም፣ መስመር ላይ እንዳለ ግን ከስሙ ሥር ይታያል። ሙዳሲር አንድ ጉድለት አለው፣ መዋሸት አይችልም። ያኔ በታምሩ ጊዜ ሲገርመው ነበር የከረመው፣ «እናንተ ሰው ሞቶ ለምን ይደብቃል? እኛ ዛሬ ሞተ፣ ዛሬ ለሁሉም ይነግራል፣ ዛሬ ይቀብራል፣ ኻላስ፣ አለቀ» ይለኝ ነበር። እየነዳ ነው፣ ባጃጅ እየነዳ ስልክ አያነሳም፣ ደግሞም ትክክል ነው። ሁለተኛ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ተዘጋ። መጥራቱ አልቆ አይደለም፣ በጣቱ ነው የዘጋው። ፈራሁ፣ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፣ ሱዳን በረሃ ላይ በጭነት መኪና ጣሪያ ታስሬ ስሄድ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፣ ያኔ የምሞተው እኔ ነበርኩ።

አዲሱ ስልክ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። የወርቅውሃ ናት።

«ፈንታዬ» አለች። ድምፅዋ ጎርንኗል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

«እታለም፣ ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤውን ተወው።»

«እንዴት እተወዋለሁ? ማኅተም ካለው ክፍያውን ሊያነሱልኝ እኮ ነው። አሁንም መስመር ላይ እየጠበቅኳቸው ነው፣ ሰኞ የሚነሳ አለ፣ ማክሰኞ አሶሳ...»

«ተወው አልኩህ ወንድምዬ። በከንቱ ብር አታውጣ። ተሽሏታል እኮ፣ ከሆስፒታልም ወጥታለች፣ ቤት ነው ያለነው።»

ከኋላዋ ሰው ይሰማኛል፣ ብዙ ሰው፣ አግዳሚ ወንበር መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ገመዱን ወደዚህ ሳበው፣ አጥብቀው ይላል።

«ማን ነው እዚያ ያለው?»

«ጎረቤት ነው፣ ሊጠይቋት መጥተው።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ተኝታለች። ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት፣ አልቀሰቅሳትም።» ትንፋሿን ሳበች። «አትቸኩል ፈንታዬ። ተረጋጋና በቀጠሮህ ና።»

እኔ ነኝ እኮ ይህን ያልኩት። ይህ የእኔ ቃል ነው፣ አንድ ነገር አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም፣ ሰው አስጠንቷት አጠገቧ ቆሟል፣ አሁን በአገጩ ጎበዝ እያላት ነው። እናቴ ሞታለች። ትናንት ማታ ወይ ዛሬ ንጋት ላይ ሞታለች፣ እኔ በሌላ ሰው አንሶላ መሃል ቆሜ ሳለሁ፣ ወይ እዚህ ተጋድሜ ሙዚቃ ስሰማ። ሞታለች በይኝ ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፣ እህቴ ስትይዘው ስትይዘው የቆየችው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ አንድ ቃል ብናገር እዚያው ነው የምትወድቀው። ያኔ ነው ታምሩ የገባኝ። ታምሩም ያን ቀን አውቆ ነበር። ከካርቱም፣ ከስልኩ፣ ከእኔው አፍ አውቆ፣ እሺ ብሎኝ፣ ሰላም በልልኝ ብሎኝ ስልኩን ዘግቶ፣ ገበያ ወጥቶ ለእናቱ ጫማ ገዛላት።

«እሺ እታለም» አልኳት። «በቀጠሮዬ እመጣለሁ። እማን ሰላም በይልኝ።»

ከኋላዋ አግዳሚው እንደገና ሲጎተት ሰማሁ።

«እልልሃለሁ» አለችኝ።

አዲሱን ስልክ ዘጋሁት። ሙዚቃው ቆሟል። ከአሮጌው ስልክ ውስጥ አንዲት ሴት ሄሎ፣ ሄሎ ትላለች፣ ሰው ናት፣ ማሽን አይደለችም። ስድስቱን ፊደል ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ማስታወሻው ላይ እናትዎ ታመዋል ይላል አለችኝ፣ አዎ አልኳት። የሐኪም ደብዳቤው ገና አልደረሰንም፣ ያለ እሱ ክፍያውን ማንሳት አልችልም አለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ በአምስት ቀን ውስጥ እንደ ሰው ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከባልደረባዬ ጋር ካወሩ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? እናትዎ አርፈው ከሆነ ያለ ምንም ክፍያ ለነገ ልቀይርልዎት እችላለሁ። ነገ ጠዋት ቦታ አለ።»

ነገ ጠዋት። አንድ ቃል ነው የሚፈለግብኝ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ያን ቃል ግን እስካሁን ማንም አልነገረኝም፣ የሚነግሩኝ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነው፣ ቀን ቆርጠውልኛል፣ አብልተው፣ አሳድረው፣ ከበውኝ ሊነግሩኝ ነው፣ እኔ እዚህ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ለማላውቃት ሴት ተናግሬ ትኬት ልቀይርበት? እናቴን በዚህ ዋጋ? አይሆንም።

«የለም» አልኳት። «የተለወጠ ነገር የለም። እናቴ ተሽሏታል።»

«ደስ ይላል!» አለችኝ፣ ከልቧ ነው። «ታዲያ ቀኑን ምን ላድርገው?»

«ቀኑ ባለበት ይቆይ።»

ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ አለች፣ የለም አመሰግናለሁ አልኳት። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድኩት፣ በረዶ ይጥላል፣ ሱቆቹ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ናቸው። ሥራ ከመግባቴ በፊት ወጥቼ ጫማ ልገዛላት ነው፣ ለስላሳ፣ ሰፋ ያለ፣ ያበጠ እግር የማያጨናንቅ። ቁጥሯን እህቴን መጠየቅ ነበረብኝ። የእናቴን የጫማ ቁጥር አላውቅም።